ፓታፓምፓ፤ የእሳተ ገሞራዎች መመልከቻና የውሃ ታሪክ

በደቡብ ፔሩ ከአሬኪፓ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኮልካ ሸለቆ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚደርሰው ፓታፓምፓ ከተባለው በር ሲወጣ ነው። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 4,910 ሜትር ከፍ ይላል። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም፤ ውሃም በ84 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። መንገደኛው ከመኪና ወርዶ ጥቂት እንደ ተራመደ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቀና ብሎ ሲመለከት ግን አምፓቶ፣ ሳባንካያና ዋልካ ዋልካ የተባሉት እሳተ ገሞራዎች ጎን ለጎን ቆመው ያያል።

በመንገዱ ዳር በየቦታው የተካቡ ትናንሽ የድንጋይ ክምሮች አሉ። በተራራ በር የሚያልፍ ሰው ድንጋይ አኑሮ መሄዱ የአንዲስ ሕዝብ ጥንታዊ ልማድ ነው። ለዚህ ሕዝብ ተራራ የሚያስፈራና የሚከበር የውሃ ባለቤት ነበርና።

የዚህ እምነት ጽኑነት እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ከሳባንካያ የተተፋው አመድ በአምፓቶ በረዶ ላይ ወደቀ፤ ጥቁሩ አመድ የፀሐይን ሙቀት ስለ ሳበ ለዘመናት ያልተነካው በረዶ ቀለጠ። ዮሐን ራይንሃርድና ሚጌል ሳራቴ ወደ ጫፉ በወጡ ጊዜ በኢንካዎች ዘመን ለተራራው የተሠዋች ልጃገረድ አስከሬን ሳይፈርስ አገኙ። ከሞተች ከ500 ዓመት በላይ ሆኗታል።

የውሃው ጉዳይ ግን በኢንካዎች ዘመን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፔሩ መንግሥት የኮልካን ወንዝ በኮንዶሮማ ገድቦ፣ በዋሻና በቦይ አሳልፎ የማሄስን በረሃ የሚያለማ ታላቅ ሥራ ጀመረ። ለዚሁ ሥራ የተከፈቱት መንገዶች የሸለቆውን ነዋሪዎች ከውጭው ዓለም ጋር አቀራረቡ፤ ኋላም ለጎብኚዎች አገለገሉ። ቦዩ ግን ከካባናኮንዴ እርከኖች በላይ ሲያልፍ ለመንደሩ ገበሬዎች አንዳች ውሃ አልተወም። የእነርሱ ማሳ የሚጠጣው ከዋልካ ዋልካ በረዶ የሚወርደውን ነበር፤ እርሱም አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ብርቱ ድርቅ በሆነ ጊዜ አሥራ አንድ የመንደሩ ሰዎች ቦዩን ሰብረው ውሃውን ወደ ማሳቸው ለቀቁት። ድርጊቱ ሕግ መጣስ ቢሆንም በመጨረሻ መንግሥት ድርሻቸውን አውቆ ከቦዩ ውሃ እንዲያገኙ ፈቀደ። የደረቁ እርከኖችም እንደገና ታረሱ።

ቦዩ በቴክኒክ ረገድ የሚደነቅ ሥራ ነው። ሆኖም በካርታው ላይ የተሰመረው መስመር የተዳፋቱንና የዓለቱን ጠባይ በትክክል ሲያሳይ፣ ከመስመሩ በታች ውሃ የሚጠብቀውን ገበሬ አላሳየም። አንድ መውጫ በር በንድፉ ላይ ቀድሞ ቢታሰብ ኖሮ ሲሚንቶው መሰበር ባላስፈለገው ነበር። ሳባንካያ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ዳግመኛ ከነቃ ወዲህ ለዓመታት ጢስ ሲተፋ ቆይቷል። በፓታፓምፓ ቆሞ ጢሱን የሚመለከት የሙያ ባልደረባ፣ ከአጠገቡ ያለውን የዋልካ ዋልካን በረዶና ከበታቹ የሚኖሩትን ሰዎች ጭምር ሊያስተውል ይገባዋል።