የሣር ማጨጃ ማሽን፦ ከሱፍ ፋብሪካ እስከ ቤንዚን ሞተር

የሣር ማጨጃ ማሽን የተገኘው ከእርሻ ሥራ ሳይሆን ከጨርቅ ፋብሪካ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በምዕራብ እንግሊዝ ግሎስተርሻየር የሚገኘው የስትራውድ ሸለቆ በሱፍ ጨርቅ የታወቀ ነበር። ጨርቁ ተሸምኖ ካበቃ በኋላ ፊቱ ላይ የሚቆመውን ጭገር እኩል አድርጎ የሚላጭ ማሽን በየፋብሪካው ይሠራ ነበር። በሲሊንደር ላይ የተጠመዘዙ ስለቶች እየተሽከረከሩ ከአንድ የማይነቃነቅ ስለት ጋር ሲገናኙ እንደ መቀስ ይቆርጣሉ። የአካባቢው መካኒክ ኤድዊን ቢርድ በዲንግ ይኸው አሠራር ለሣርም እንደሚሆን ተገነዘበ። ከብረት ማቅለጫ ባለቤቱ ከጆን ፌራቢ ጋር ተሻርኮ ማሽኑን ሠራና ኦገስት 31 ቀን 1830 ፓተንት ተሰጠው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት የተስተካከለ የግቢ ሣር የባላባት ሀብት ነበር። ሣሩ የሚታጨደው እጀታው ረጅም በሆነ ትልቅ ማጭድ ስለነበር ብዙ የሠለጠኑ አጫጆችን ይፈልጋል። አጭር ሣር ሲደርቅ ከስለቱ ፊት ስለሚጎነበስ፣ አጫጆቹ ጤዛው ሳይረግፍ ገና በማለዳ መሰማራት ነበረባቸው። የበዲንግ ማሽን ግን በደረቅ ሣር ላይ ይበልጥ ጥሩ ይሠራ ነበር። የመጀመሪያው ማሽን የሚቆርጠው ስፋት 19 ኢንች፣ ማለትም 48 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ሰው ከኋላ ሲገፋው ከባዱ መዳመጫ በማርሽ አማካይነት ስለቶቹን ያዞራል፤ ክብደቱ ስላስቸገረ ሁለተኛ ሰው ከፊት የሚጎትትበት እጀታም ተበጅቶለት ነበር። ቀድመው ከገዙት አንዱ በለንደን ሪጀንትስ ፓርክ ያለው የእንስሳት መጠበቂያ ሲሆን፣ የአትክልት ሥራ አለቃው ማሽኑ ማጭድና መጥረጊያ የያዙ የስድስት ወይም የስምንት ሰዎችን ሥራ እንደሚሠራ መስክሮለታል።

በ1832 የኢፕስዊቹ ራንሰምስ ኩባንያ ፈቃድ ወስዶ ማምረት ጀመረ። በ1842 ደግሞ በስኮትላንድ የአርብሮዝ ከተማ ነዋሪ አሌክሳንደር ሻንክስ በድንክ ፈረስ የሚጎተት ማሽን አወጣ፤ ሰኮናው ሣሩን እንዳይጎዳ ፈረሱ የቆዳ ጫማ ይደረግለት ነበር። በ1859 የሊድሱ ቶማስ ግሪን ማርሹን በሰንሰለት ተክቶ ድምፁን ቀነሰ። በ1890ዎቹ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽንም ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ውሃው እስኪፈላ መጠበቅ ግድ ስለነበርና ክብደቱ ስለበዛ አልዘለቀም። ዘላቂው ለውጥ የመጣው ራንሰምስ በ1902 በቤንዚን የሚሠራ ማሽን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነው። እሱም ቢሆን ለትልልቅ ግቢዎችና ለስፖርት ሜዳዎች እንጂ ለተራ ቤት የታሰበ አልነበረም።

ማሽኑን ተራ ቤት ያስገባው የመቁረጫው ለውጥ ነው። የበዲንግ ሲሊንደር አጭር ሣርን አሳምሮ ይቆርጣል፤ ሣሩ ካደገ ግን ይተበተብበታል፣ በሁለቱ ስለቶች መካከል ያለው ክፍተትም ሁልጊዜ ጥንቃቄ ያለው ማስተካከያ ይፈልጋል። አዲሱ ዓይነት አንድ ምላጭ ብቻ አለው፤ ከሞተሩ ሥር አግድም ተሰክቶ ይሽከረከራል። የሚገናኘው ሌላ ስለት ስለሌለ ሣሩን የሚቆርጠው በፍጥነቱ ብቻ ነው። 21 ኢንች ርዝመት ያለው ምላጭ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ጥቁር የፈጠራ ሰው ጆን አልበርት በር በ1899 ለሣር ማጨጃ ማሻሻያ ፓተንት አግኝቶ ነበር። ሆኖም የሚሽከረከረው ምላጭ በስፋት እንዲሠራ ቀላልና ፈጣን ሞተር መገኘት ነበረበት።

የአውስትራሊያው ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። መርቪን ቪክቶር ሪቻርድሰን በ1952 በሲድኒ፣ በኮንኮርድ ሰፈር፣ ጋራዡ ውስጥ ከቁርጥራጭ ብረት አንድ ማሽን ገጣጠመ። ሞተሩ ባለሁለት ምት ቪሊየርስ ሲሆን የቤንዚን መያዣው ባዶ የኮክ ፍሬ ቆርቆሮ ነበር። ማሽኑን ከመካከለኛ ስሙ በመነሳት ቪክታ አለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱ ታዋቂ የቤት ዕቃ ሆነ፤ በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይም የሣር ማጨጃው ከአገሪቱ መለያዎች አንዱ ሆኖ ቀርቧል።

በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማ ዳርቻ ሰፈሮች በብዛት ተሠሩ። በ1947 በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የተጀመረው ሌቪታውን ከ17,000 በላይ ቤቶች ነበሩት፤ የሰፈሩ ደንብ ነዋሪው ሣሩን በየሳምንቱ እንዲያጭድ ያዝዝ ነበር። በ1953 የሚልዋኪው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ክብደቱ ቀላል የሆነ የአሉሚኒየም ሞተር አወጣና አንድ ሰው ብቻውን የሚገፋው ማሽን ለብዙኃኑ ደረሰ። ሣርን የማጨድ ግዴታ ዛሬም አለ፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሣሩ ከተወሰነ ቁመት ሲያልፍ ባለቤቱ ይቀጣል። በእነዚህ ሰፈሮች ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያንም ይህ ሥራ በፀደይና በበጋ አይቀርላቸውም።

ማሽኑ የግለሰብ ንብረት ሲሆን ጥገናውም የባለቤቱ ሆነ። ባለሁለት ምቱ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ ይጠቀማል፤ ኋላ የተስፋፋው ባለአራት ምት ሞተር ግን ዘይቱን ከሥር ይይዛል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ውስጥ የዘይት ፓምፕ የለም፤ ዘይቱ እየተረጨ ያለሰልሳል፣ ብዙዎቹ የዘይት ፊልትሮም የላቸውም። ስለዚህ ከማስነሳት በፊት የዘይቱን መጠን ማየት፣ ቢያንስ በዓመት አንዴም መቀየር የግድ ነው። ማሽኑን ለማጽዳት የሚያጋድሉት ካርቡሬተሩና የአየር ፊልትሮው ወደ ላይ ሆነው ነው፤ ያለዚያ ዘይቱ ፊልትሮውን ያርሰዋል።

ምላጩ በሞረድ ከተሳለ በኋላ ሚዛኑ መታየት አለበት። የመሐሉን ቀዳዳ በምስማር ላይ ሲሰቅሉት አንዱ ጫፍ ካዘነበለ፣ እኩል እስኪሆን ያ ወገን ይሞረዳል፤ ሚዛን የሌለው ምላጭ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ሞተሩን ያንቀጠቅጣል። ጉቶ ወይም ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ከሞተሩ አናት ላይ በምትዞረው ከባድ ጎማና በዘንጉ መካከል ያለች ትንሽ ለስላሳ ብረት ትቆረጣለች። ትልቁን ጉዳት ራሷ እንድትወስድ ታስባ የተሠራች ናት። ስትቆረጥ የካንዴላው ብልጭታ ጊዜውን ስለሚስት ሞተሩ አይነሳም፤ ብዙዎች ካርቡሬተሩን ሲፈቱ የሚውሉት ይህችን ሳያዩ ነው። በአሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ክረምቱን በታንከሩ ከቆየ ውሃ ይስባል፣ ዝቃጩም የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል።

ከ1982 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ ማሽን እጀታው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ሲለቀቅ ምላጩ በ3 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ሕግ ያስገድዳል። ይህ ደንብ ብዙ ጣትና እግር አትርፏል ማለት ይቻላል። ምላጩን ለመንካት ግን የካንዴላውን ሽቦ መንቀል አሁንም የመጀመሪያው ሥራ ነው።

የትንንሽ ሞተሮች ጭስ ያስከተለው ብክለት አሁን ገበያውን ወደ ባትሪ እየወሰደው ነው። ሆንዳ በ2023 ለአሜሪካ ገበያ በቤንዚን የሚሠራ የሣር ማጨጃ ማምረቱን አቆመ፤ ካሊፎርኒያም ከ2024 ጀምሮ የሚመረቱ አብዛኞቹ አዳዲስ ትንንሽ ሞተሮች ጭስ የማያወጡ እንዲሆኑ ደነገገች። ደንቡ አዲስ የሚመረተውን እንጂ በሰው እጅ ያለውን ማሽን አይከለክልም።