የሚፈላው ድንጋይ፦ ዚኦላይት በሙቀት ውኃውን ስለ መልቀቁና መልሶ ስለ መያዙ የተደረገ የምርምር ታሪክ

በ1756 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስዊድናዊው የማዕድን ሊቅ አክሴል ክሮንስቴት አንድን ማዕድን በቀጭን ቧንቧ እየነፋ ባጋለው ነበልባል ሲመረምር፣ ድንጋዩ እንደሚፈላ ፈሳሽ አረፋ አውጥቶ አበጠ። ሊቁም መፍላትንና ድንጋይን ከሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት አውጣጥቶ «ዚኦላይት» ሲል ሰየመው። ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ነገር ግን ስሙ የሚገልጸው በዓይን የታየውን ክስተት እንጂ የክስተቱን ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ከመቶ ሰባ ዓመታት በላይ አልፈዋል።

በትምህርት ቤቶች ውኃ ስለያዙ ክሪስታሎች ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ነው። ይህ ጨው ሲሞቅ ውኃው በየደረጃው ይለየዋል፤ በመጨረሻም ክሪስታሉ ፈራርሶ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ውኃው የክሪስታሉ አሠራር አንዱ ምሰሶ ነበርና ምሰሶው ሲነሣ ሕንጻው ይወድቃል። ይህን ምሳሌ ብቻ የተማረ ሰው፣ ውኃው የወጣበት ክሪስታል ሁሉ ይፈርሳል ብሎ ቢደመድም አያስገርምም።

ይህ ድምዳሜ ለሁሉም እንደማይሠራ ያሳየው ፈረንሳዊው ኦጉስቲን ዳሙር ነበር። በ1840 እንደገለጸው፣ የዚኦላይት ክሪስታሎች በሙቀት ውኃቸውን ካጡ በኋላ ቅርጻቸውና ብርሃን አስተላላፊነታቸው ሳይለወጥ ውኃውን መልሰው ይይዛሉ። በቀድሞው ሙከራ ድንጋዩ በብርቱ ነበልባል አብጦ ስለሚቀልጥ፣ ውኃው የሚመለስበት መንገድ አብሮ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ የዳሙር ሙከራ ፍሬ ነገር «ሲሞቅ ምን ይወጣል?» ከሚለው ጥያቄ አልፎ፣ «የወጣው ይመለሳልን?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ውኃው ስለሚያድርበት ስፍራ ሆነ። በ1896 ዦርዥ ፍሪዴል ውኃቸውን ያጡ ዚኦላይቶች አልኮልንና ሌሎች ፈሳሾችን እንደሚመጡ ተመልክቶ፣ የክሪስታሉ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ክፍት መሆን አለበት ሲል አሳሰበ። በ1925 ደግሞ ቫይገልና ስታይንሆፍ፣ ቻባዛይት የተባለው ዚኦላይት ውኃንና አልኮልን ሲያስገባ አሴቶንን፣ ኤተርንና ቤንዚንን ግን እንደማያስገባ አረጋገጡ። ማክቤይን ይህን ጠባይ በ1932 «የሞለኪዩል ወንፊት» ሲል ሰየመው።

ግምቱን በማስረጃ ያጸናው የኤክስ ሬይ ጥናት ነው። በ1930 ቴይለርና ፖሊንግ የዚኦላይትን አሠራር ገለጡ። ሲሊከንና አሉሚኒየም እያንዳንዳቸው በአራት ኦክሲጅኖች ተከበው፣ ውስጡ ባዶ ክፍሎችና መተላለፊያዎች ያሉት ጽኑ ሕንጻ ይሠራሉ። አሉሚኒየም ለሕንጻው የሚሰጠውን ኔጌቲቭ ቻርጅ የሚያመዛዝኑት በክፍሎቹ ውስጥ ያሉት የሶዲየምና የካልሲየም አዮኖች ሲሆኑ፣ የውኃ ሞለኪዩሎችም በአብዛኛው እነዚህን ተጠግተው ይኖራሉ። ሙቀት ይህን መሳሳብ ሲያሸንፍ ውኃው በመተላለፊያዎቹ ይወጣል፤ ሕንጻው ግን ይቆማል። ውኃው ሲመለስ ደግሞ ሙቀት ይለቀቃል። እርግጥ ጽናቱ ወሰን አለው፤ ሙቀቱ ለየዓይነቱ ከተወሰነው መጠን ካለፈ ሕንጻው ራሱ ይፈርሳል።

ይህ እውቀት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለኢንዱስትሪ አገልግሎት ውሏል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ሚልተንና ባልደረቦቹ በተፈጥሮ የማይገኝ ዚኦላይት ሠሩ፤ ከ1954 ጀምሮም ሰው ሠራሽ ዚኦላይቶች ጋዞችን ለማድረቅና ለመለየት ለገበያ ቀረቡ። እርጥበት የጠገበው ዚኦላይት ሞቆ ውኃውን ከለቀቀ በኋላ ለዳግም ሥራ ይዘጋጃል።

ዚኦላይት በኢትዮጵያ የእሳተ ገሞራ ዐለቶች ውስጥም ስለሚገኝ ለክፍል ትምህርት ባዕድ ምሳሌ አይደለም። ከኮፐር ሰልፌት ጎን ቢቀርብ፣ ተማሪዎች አንድን ምሳሌ ሕግ አድርጎ ከመያዝ እንዲጠነቀቁ ይረዳል። እንዲሁም ለአንድ ክስተት ስም መስጠት ክስተቱን ማወቅ እንዳልሆነ ያስተምራል።