ከመጽሐፍ ገጽ ወደ ፊልም ሸራ

ለሕፃናት የተዘጋጀ ሥዕላዊ መጽሐፍ ከሌላው መጽሐፍ የሚለየው ሥዕል ስላለበት ብቻ አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ሥዕሉና ጽሑፉ ሥራ ይከፋፈላሉ፤ ጽሑፉ ያልተናገረውን ሥዕሉ ያሳያል፤ ሁለቱም ዝም ያሉትን ደግሞ ሕፃኑ ገጹን ከመግለጡ በፊት በራሱ አሳብ ይሞላዋል። ገጽ መግለጥ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የታሪኩን ፍጥነት በሕፃኑ እጅ የሚያደርገው ይኸው ነው። መጽሐፉ ወደ ካርቱን ፊልም ሲለወጥ በመጀመሪያ ከሕፃኑ እጅ የሚወጣው ይህ ሥልጣን ነው። ስለዚህ የእነዚህ ፊልሞች ታሪክ የማስተማር ዘዴ ታሪክም ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀደምቶቹ ሥራዎች አንዱ የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ በ1938 ያወጣው «ኮርማው ፈርዲናንድ» ነው። የመንሮ ሊፍ ድርሰት በ1936 ሲታተም ሮበርት ሎውሰን ሥዕሎቹን የሠራው በጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። ፊልሙ ግን በደማቅ ቀለማት ተሠርቶ የኦስካር ሽልማት አገኘ። በፊልሙ ውስጥ ወደ ፍልሚያው አደባባይ በሰልፍ የሚገቡት ሰዎች መልክ የተወሰደው ከስቱዲዮው ሠራተኞች ነበር፤ ቀልዱ ለሥራ ባልደረቦች እንጂ ለሕፃናት አልነበረም። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም፣ መጽሐፉ ለስቱዲዮው መነሻ ሐሳብ እንጂ በጥንቃቄ የሚያዝ ሥራ እንዳልነበረ ይጠቁማል።

በ1952 ይኸው ኩባንያ የቨርጂኒያ ሊ በርተንን «ትንሿ ቤት» ወደ ፊልም ለወጠ። በ1942 በታተመው መጽሐፍ ቤቲቱ እስከ ታሪኩ መጨረሻ ገደማ ከቦታዋ አትነቃነቅም፤ የሚለዋወጠው ዙሪያዋ ነው። መጀመሪያ ኮረብታና የፖም ዛፍ ይታያል፤ ቀጥሎ መንገድ ይመጣል፤ ከዚያም የከተማ ባቡርና ረጃጅም ፎቆች ይከተላሉ። ሕፃኑ ወደ ኋላ እየገለጠ «እዚህ የነበረው ዛፍ የት ሄደ?» ብሎ ያነጻጽራል። ለታሪክና ለጂኦግራፊ መምህር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም። በፊልሙ ግን ቤቶቹ የሚያዝንና የሚደሰት ፊት ተሰጥቷቸዋል፤ ተመልካቹ ለቤቲቱ ይራራል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማነጻጸር ግን አይችልም። በዚያው ዓመት ዩ.ፒ.ኤ. የተባለው ስቱዲዮ የሉድዊግ ቤመልማንስን «ማድሊን» ሲያወጣ የሠዓሊውን ቀለል ያለ አሣሣል ለመጠበቅ መድከሙ በግልጽ ይታያል።

ጥያቄውን ከሥሩ የያዘው ሞርተን ሺንደል ነው። ሺንደል በ1953 በኮነቲከት ግዛት ዌስተን በምትባል ቦታ ዌስተን ዉድስ የተባለውን ስቱዲዮ አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞቹ ዘዴ እጅግ ቀላል ነበር፤ ሥዕሉ እንደገና አይሳልም፣ አይንቀሳቀስምም፤ የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። ካሜራው በታተመው ሥዕል ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ትረካው ስለ ማን እንደሚናገር ወደዚያ ይቀርባል፤ ከዚያም ራቅ ብሎ ሙሉውን ገጽ ያሳያል። ይኸውም መምህር መጽሐፉን ዘርግቶ በጣቱ እያመለከተ ሲያነብ ከሚያደርገው ብዙም አይለይም። የሮበርት ማክሎስኪ «ለዳክዬዎቹ መንገድ ልቀቁ» በ1955 ፊልም የሆነው በዚህ መንገድ ነው። በዚያው ዓመት በሲ.ቢ.ኤስ. የተጀመረው «ካፒቴን ካንጋሩ» የተባለው የሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራም እነዚህን ፊልሞች ለብዙ ቤቶች አዳረሰ።

ይህ ፊልም ሊባል አይገባውም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የክፍልን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ጥቅሙን ወዲያው ይረዳል። አንዱን መጽሐፍ መምህሩ ደረቱ ላይ አስደግፎ ሲያነብ፣ በኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ ከሽፋኑ ቀለም በቀር የሚያየው የለም። ሸራው ዳክዬዋን ከነጫጩቶቿ ለሁሉም እኩል አደረሳት። ስቱዲዮው ከፊልሙ ጎን ፊልምስትሪፕም ያዘጋጅ ነበር፤ ይህም የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎች በተከታታይ የታተሙበት ጥቅል ነው። ሥዕሉን የሚያሳልፈው መምህሩ በመሆኑ ተማሪው «አንድ ጊዜ ይመለስልን» ቢል ይመለስለታል። በመሣሪያነቱ ዝቅ ያለው ከፊልሙ ይልቅ ለመጽሐፉ መቅረቡ የሚያስገርም ነው።

ሺንደል በኋላ ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የገባው ከጂን ዳይች ጋር ነው። በቺካጎ የተወለደው ዳይች በ1959 ለአጭር ሥራ ወደ ፕራግ ሄዶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2020፣ እዚያው ኖረ፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ከቼክ ባለሙያዎች ጋር ለዌስተን ዉድስ በርካታ መጻሕፍትን ወደ ፊልም ለውጧል።

ከእነዚህ በላይ ጥናት የሚገባው በ1970 የወጣው «የሮዚ ሽርሽር» ነው። በ1968 የታተመው የፓት ሀቺንስ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ 32 ቃላት ብቻ አሉት። ጽሑፉ የሚነግረን ዶሮዋ ሮዚ በግቢው ዞራ ለራት በሰዓቷ መመለሷን ነው። ከኋላዋ የሚከተላትና በየገጹ መከራ የሚያገኘው ቀበሮ ግን በጽሑፉ አንድ ጊዜ እንኳ አይጠቀስም። ሕፃኑ ከአንባቢው የበለጠ ያውቃል፤ «ቀበሮ! ቀበሮ!» ብሎ የሚጮኸው እርሱ ነው። ፊልሙ የቀበሮውን ውድቀት አስረዝሞ ሙዚቃ ቢጨምርበትም ተራኪው ስለ ቀበሮው ቃል አይተነፍስም። ተራኪው አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሁሉ በፈረሰ ነበር።

በ1973 የወጣው የሞሪስ ሴንዳክ «ዱር አራዊቱ ያሉበት» የበለጠ ከባድ ችግር ነበረበት። በ1963 በታተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ሥዕሎቹ በሰፊ ነጭ ኅዳግ የተከበቡ ትንንሾች ናቸው፤ የማክስ ምናብ ሲሰፋ ሥዕሉም እየሰፋ ሄዶ ኅዳጉን ያጠፋል፤ አራዊቱ በሚጨፍሩበትም ጊዜ ሦስት ጥንድ ገጾች ያለ አንዳች ቃል ይሞላሉ። የፊልም ሸራ ግን ስፋቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው። ጭፈራውም ሙዚቃው እስኪያልቅ ይቆያል እንጂ ሕፃኑ እስኪጠግብ አይቆይም። ፊልሙ በ1988 በአዲስ ሙዚቃና ትረካ እንደገና መውጣቱ መልሱ በአንድ ጊዜ እንዳልተገኘ ያሳያል።

በእንግሊዝ አገር የሬይመንድ ብሪግስ «የበረዶው ሰው» በ1978 ያለ ቃል ታተመ፤ በዳያን ጃክሰን የተዘጋጀው ፊልምም በታኅሣሥ 26 ቀን 1982 በቻናል 4 ታየ። የእርሳስ ቀለሙ ሻካራነት በሸራው ላይ እንኳ ይታወቃል፤ ገጸ ባሕርያቱም አይናገሩም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የገና በዓል የለም። ፊልሙ ልጁን ወደ ገና አባት ወስዶ የአንገት ልብስ አሰጠው፤ በማግሥቱ የበረዶው ሰው ቀልጦ ሲገኝ ልጁ ያንኑ የአንገት ልብስ ከኪሱ ያወጣል። መጽሐፉ «ሕልም ይሆን?» ብሎ የተወውን ጥያቄ ፊልሙ በማስረጃ ዘጋው። ተመልካቹ ይህን ወዶታል፤ የክፍል ውይይት ግን አንድ ጥሩ ጥያቄ አጥቷል።

ለዚህ ሁሉ ማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ መጽሐፍ አለ፤ ይኸውም የኤዝራ ጃክ ኪትስ «በረዷማው ቀን» ነው። በ1962 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት የካልዴኮት ሽልማት ያገኘው ይህ መጽሐፍ፣ ጥቁር ሕፃን በአሜሪካ ሥዕላዊ መጽሐፍ ውስጥ ዋና ባለታሪክ ሆኖ መታየቱ እጅግ ብርቅ በነበረበት ዘመን የወጣ ነው። ዌስተን ዉድስ በ1964 አጭር ፊልም አደረገው። በ2016 ደግሞ አማዞን አርባ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ፊልም አወጣ፤ በዚህኛው ፒተር በገና ዋዜማ የበዓሉን ምግብ ለማምጣት ወደ አያቱ ቤት ይሄዳል፤ በመንገዱም የሰፈሩን ልዩ ልዩ ሰዎች ያገኛል፤ ዘፈንም አለበት። ሰፈሩ በፍቅር የተሣለ ነው፤ ሥራውም ተሸልሟል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ፒተርን የላከው ሰው አልነበረም፤ በበረዶው ላይ የእግሩን ዱካ እያየ ሄደ፣ በዱላ ዛፍ መታ፣ አንድ እፍኝ በረዶ ለነገ ብሎ በኪሱ ከተተ፤ ማታ ቢፈልገው ኪሱ ባዶ ነበር።