ሾፌር ያጣው ካርድ

በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ኮሌጅ ትምህርት ክፍላችን ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በእርዳታ አገኘ። በሽቦ አገናኝተን ያለችንን አንዲት ፕሪንተር በጋራ ልንጠቀም ነበር ሐሳባችን። የተጠራው ባለሙያ የአንዱን ሆድ ዕቃ ከፍቶ የኔትወርክ ካርዱን አገላብጦ አየና፣ “ካርዱ ደህና ነው፤ ድራይቨር የለውም እንጂ” አለን። ጸሐፊያችን ቀበል አድርጋ፣ “ታዲያ ሾፌር ይቀጠርለታ!” ብላ አሳቀችን። ዲስኬቱ ግን ጠፍቶ ኖሯል። ካርዱ ተነቅሎ ተጣለ። አንዲት ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

እንዲያው ለነገሩ ድራይቨር ከሾፌር ይልቅ ለአስተርጓሚ ይቀርባል። ኮምፒውተሩ “ይህን ላክ” ሲል፣ በካርዱ ላይ በየትኛው አድራሻ የትኛው ቁጥር መጻፍ እንዳለበት የሚያውቀው ይኸው ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ከሌለ ሁለቱም ጤነኞች ሆነው ይደናቆራሉ። ጥያቄው አስተርጓሚው ቋንቋውን ከየት ይማራል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አፕል ቱ ስምንት የካርድ ማስገቢያዎች ነበሩት። ስቲቭ ጆብስ፣ አንድ ለፕሪንተር አንድ ለሞደም፣ ሁለት ይበቃል ብሎ ነበር፤ መሐንዲሱ ስቲቭ ዎዝኒያክ አሻፈረኝ አለ። የዚያ ዘመን ካርድ ብዙውን ጊዜ አስተርጓሚውን በራሱ ቺፕ ላይ ተሸክሞ፣ ስንቁን በአገልግል እንደያዘ መንገደኛ ነበር የሚመጣው።

አይቢኤም ደግሞ በ1981 ባለ አምስት ማስገቢያ ፒሲውን ሲያወጣ፣ የኤሌክትሪክ ንድፉንና የባዮሱን ሙሉ ጽሑፍ የያዘ መጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። በኔ ግምት ከማሽኑ ይልቅ ታሪክ የሠራው ይህ መጽሐፍ ነው። ማንም ብልህ ወጣት ገዝቶ አንብቦ ካርድ መሥራት፣ ድራይቨሩንም መጻፍ ቻለ። በ1983 የወጣው ዶስ 2.0 ደግሞ ኮንፊግ ዶት ሲስ በሚባል ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ጽፎ የሌላ ሰው ድራይቨር ማስገባትን ፈቀደ።

ሥራው ግን ላብ ያስጠምቅ ነበር። አንድ ካርድ የኮምፒውተሩን ትኩረት የሚሻው የጥሪ መስመር ስቦ ነው፤ የመጀመሪያው ፒሲ መስመሮች ስምንት ብቻ ሲሆኑ፣ ሰዓቱና የፊደል ገበታው ቀድመው ሁለቱን ይዘዋል። በ1989 ከሲንጋፖር የመጣው ሳውንድ ብላስተር የተባለው የድምፅ ካርድ መጀመሪያ ላይ ተስተካክሎ የሚሸጠው በሰባተኛዋ መስመር ነበር። ሰባተኛዋ ደግሞ የፕሪንተሩ ናት! ጠብ ቢነሣ ምን ይገርማል? ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ ጃምፐር የምትባለዋን ሚጢጢ መሰኪያ ከአንዱ እግር ነቅሎ በሌላው ይሰካል፤ ቀጥሎም ቁጥሩን ለድራይቨሩ ይነግራል። እንግዲህ ሽምግልና በሉት።

አይቢኤም በ1987 መጽሐፉን በመክፈቱ ሳይቆጭ አልቀረም። ፒኤስ ቱ በተባለው አዲስ ማሽኑ አሮጌ ካርድ የማይቀበል ማስገቢያ ይዞ መጣ፤ ሌላው ኩባንያ ሊጠቀምበት ከፈለገ ይክፈል አለ። በዓመቱ በኮምፓክ የሚመሩ ዘጠኝ ኩባንያዎች አሮጌውንም አዲሱንም ካርድ የሚቀበል የራሳቸውን ማስገቢያ አወጡ። ያ የ1981ዱ ማስገቢያ በዘጠናዎቹ ውስጥም አልጠፋም።

በዚያው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዶናልድ ቤከር የተባለ አሜሪካዊ፣ ኋላ በናሳ የሠራ፣ ለሊኑክስ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨሮችን እየጻፈ ምንጩን ለሁሉም ክፍት ያደርግ ነበር። ከነዚህ አንዱ ኤንኢ 2000 ለተባለው ርካሽና በየኩባንያው ለተኮረጀው ካርድ ነው። የዚያ ካርድ ዋና ቺፕ አሠራር በአምራቹ ሰነድ ታትሞ ስለነበር፣ የካርዱ ዲስኬት ቢጠፋ እንኳ ቋንቋው አይጠፋም።

ባለሙያው ያን ቀን ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ቺፑ ላይ የታተመ ቁጥር አሳይቶኝ ነበር። አልገለበጥኩትም። ከሰዓት በኋላ ስለ ብራና ገልባጮች የማስተምረው ትምህርት ነበረኝና ቸኩዬ ወጣሁ።