የኪኩዩ ሕዝብ ቅዱስ መጽሐፍን እንዴት እንዳነበበ



ከእናንተ መካከል አንድ ደንብ ወይም ደብዳቤ ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ብቻውን አይሻገርም፤ የተቀባዩ ሕዝብ ልማድና እምነት ተከትሎት ይገባል። ይህ በመሥሪያ ቤት ጽሕፈት ላይ ሲደርስ ጉዳቱ የሚታረም ነው። በቅዱስ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ግን ምእመናንን እስከ መከፋፈል፣ ሕፃናትንም ከትምህርት ገበታ እስከ ማስነሣት ይደርሳል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በጎረቤታችን በኬንያ የሚኖረው የኪኩዩ ሕዝብ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኪኩዩ ሕዝብ ወንጌል ሳይሰበክለት አስቀድሞ በአንድ ፈጣሪ ያምን ነበር። ስሙንም «ንጋይ» ይለዋል። ንጋይ ወደ ምድር ሲወርድ የሚያርፈው እነርሱ «ኪሪኛጋ» በሚሉት፣ ከፍታው 5199 ሜትር በሆነው በኬንያ ተራራ ላይ ነው ይሉ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ሽማግሎች የሾላ ወገን ከሆነውና «ሙጉሞ» ከሚባለው ዛፍ ሥር ተሰብስበው፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው መልሰው፣ ጠቦት ሠውተው ይለምኑት ነበር።

ሚሲዮናውያኑ መጽሐፉን ሲተረጉሙ ለእግዚአብሔር ይህንኑ «ንጋይ» የሚለውን ስም ሰጡ። ስለዚህ የአብርሃም አምላክ በኪኩዩ ምድር የገባው በጥንቱ ስም ተጠርቶ ነው። ሙሴ ወደ ተራራ መውጣቱ፣ አብርሃምም በግ መሠዋቱ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አልነበረም። ጆሞ ኬንያታ በ1938 ለንደን ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ጻፉት፣ ከአንድ ሚስት በላይ ማግባት ኃጢአት ነው የተባለው ክርስቲያን መጽሐፉን ገልጦ ሲመለከት፣ የተከበሩት አበው ራሳቸው ብዙ ሚስቶች የነበሯቸው ሆነው ስላገኛቸው ሚሲዮናውያኑን ማብራሪያ ጠየቀ።

ታላቁ ጠብ የተነሣው ግን በ1929 ነው። በኪኩዩ ልማድ ወንድም ሴትም ልጅ ይገረዝ ነበር። ያልተገረዘ ሰው እንደ ሙሉ ሰው አይቈጠርም፤ ለጋብቻም አይፈለግም። በዶክተር ጆን አርተር ይመራ የነበረው የስኮትላንድ ሚሲዮን የሴቶችን ግርዛት በጤና ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት የተነሣ ለብዙ ጊዜ ሲቃወም ከቈየ በኋላ፣ በዚያ ዓመት ምእመናኑ ልማዱን መተዋቸውን በፊርማ ወይም በጣት አሻራ እንዲያረጋግጡ አዘዘ። እምቢ ያለው ከማኅበሩ ተለየ፤ ልጆቹም ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ወጡ።

በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ወደ መጽሐፉ ዞሩ። ሚሲዮናውያኑ በኦሪት ለአብርሃም የተሰጠው የግርዘት ሥርዐት ለወንዶች ብቻ ነው አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በ1926 በኪኩዩ ቋንቋ የወጣውን አዲስ ኪዳን ገልጠው ድንግል ማርያም የተጠራችበትን ቃል አመለከቱ። ቃሉ «ሙይሪቱ» ነው። ይህም በቋንቋው ተገርዛ ገና ያላገባች ልጃገረድ ማለት ነው። ያልተገረዘችው «ኪሪጉ» ትባላለች፤ እርሱም ስድብ ነው። እንግዲህ የጌታ እናት በገዛ መጽሐፋችሁ የተገረዘች ከሆነች፣ ሴቶች ልጆቻችን ምን በደሉ ሲሉ ጠየቁ።

ተርጓሚው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ስድቡን ቃል በወላዲተ አምላክ ላይ እንዳይጽፍ ክብር ከለከለው፤ ከሁለቱም የራቀ ቃል ደግሞ ቋንቋው አልሰጠውም። ተቃዋሚዎቹ ያነበቡትን በቋንቋቸው ሕግ አነበቡ፤ ሆኖም ወንጌላዊው ያላሰበውን ነገር ከቃሉ አወጡ። ልማዱም በእውነት ጎጂ ነበር፤ የኬንያ መንግሥት በ2011 ባወጣው ሕግ ፈጽሞ ከልክሎታል። የሚሲዮናውያኑ ስሕተት ሌላ ነው። መጽሐፉን ለሕዝቡ ሰጥተው ንባቡን በእጃቸው የሚያስቀሩ መስሏቸው ነበር።

ከሚሲዮኑ የወጡትም ቢሆኑ መጽሐፉን ጥለው አልወጡም፤ ይዘውት ወጡ እንጂ። የራሳቸውን አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች አቋቋሙ። በ1934 የነጻ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ተመሠረተ። በ1935 ሊቀ ጳጳስ ዳንኤል አሌክሳንደር ከደቡብ አፍሪቃ መጥተው ካህናት አሠለጠኑላቸው። በ1939 በጊቱንጉሪ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲያውጅ ይህን ማሠልጠኛ ዘጋው። ከዚያ ክርክር የተወለዱት አብያተ ክርስቲያናት ግን እስከ ዛሬ አሉ።

አንባቢያን ሆይ፤ ሊቃውንቶቻችን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ሲፈቱት ሰምተን ላደግን ለእኛ፣ የንባብ መብዛት አያስደነግጠንም። ከኪኩዩ ታሪክ የምንማረው ሌላ ነው። ክፉ ልማድን በትእዛዝና በፊርማ ብቻ ለመንቀል የተነሣ ሰው ያንኑ ልማድ የክብር ምልክት ሊያደርገው ይችላል። ሕዝብን ሊያስተምር የሚወድ ሁሉ፣ የሚናገረው ቃል በሰሚው ጆሮ ምን ተብሎ እንደሚሰማ አስቀድሞ ይጠይቅ።