ብኩርናና ምርቃት

ልጅ ሳለሁ የያዕቆብና የኤሳው ታሪክ በተነገረ ቁጥር ልቤ የሚያደላው ወደ ኤሳው ነበር። ብኩርናውን በምስር ወጥ መሸጡ ሞኝነት ነው እንበል፤ ግን አባቱ ያዘዘውን አድኖና አብስሎ ሲመጣ ምርቃቱን ወንድሙ ቀድሞ ወስዶት ማግኘቱ፣ ያ ጎልማሳ አዳኝ እንደ ሕፃን ማልቀሱ ዛሬም ያሳዝነኛል። አባቱን የጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ከጆሮዬ አይጠፋም፦ በረከት አንዲት ብቻ ናት ወይ?

ቆይቼ እንደተረዳሁት እኛ አንድ አድርገን የምናያቸው ብኩርናና በረከት ለየቅል ናቸው። ብኩርና የውርስ መብት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። በረከት ግን አባት በሕይወቱ ሳለ ከአፉ የሚያወጣው ቃል ነው፤ ከወጣም አይመለስም።

በውርሱ ረገድ ኦሪት ጥብቅ ናት። ዘዳግም ምዕራፍ 21 እንደሚደነግገው ሁለት ሚስቶች ያሉት ሰው፣ የበኩር ልጁ ካልወደዳት ሚስቱ ቢወለድም እጥፍ ድርሻውን ሊነፍገው አይችልም። ሦስት ወንዶች ልጆች ካሉ ሀብቱ አራት ቦታ ይከፈልና ሁለቱ እጅ ለበኩሩ ይሆናል።

የሚገርመው የሕዝቡ አባት ያዕቆብ ራሱ ያደረገው የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። የልያን በኩር ሮቤልን ትቶ፣ የሚወዳት የራሔል ልጅ ዮሴፍ በኤፍሬምና በምናሴ በኩል የሁለት ነገድ ድርሻ እንዲያገኝ አደረገ። እርግጥ ዜና መዋዕል ሮቤል የአባቱን መኝታ በማርከሱ ብኩርናውን እንዳጣ ይናገራል። እኔ ግን ያንን ሕግ ሳነብ፣ የአባት አድልዎ በወንድማማች መካከል የሚያደርሰውን ጥፋት ጠንቅቆ ያወቀ ሕዝብ ሕግ ሆኖ ይታየኛል።

ሴት ልጆችስ? በዘኍልቍ ምዕራፍ 27 ወንድም የሌላቸው አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴና በጉባኤው ፊት ቆመው የአባታችን ስም ለምን ይጠፋል ሲሉ ተሟገቱ፤ ተፈረደላቸውም። ሆኖም ወንድም ያላት ሴት ለብዙ መቶ ዓመታት በሕጉ ወራሽ አልነበረችም። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የነበሩ አይሁድ አባቶች ግን መላ ዘየዱ፤ ሴት ልጃቸው የወንድ ልጅ ድርሻ ግማሹን እንድታገኝ የሚያደርግ የዕዳ ሰነድ እየጻፉ ይሰጧት ጀመር። ሕጉን ሳይነኩ ልጃቸውን አሰቡ።

በረከቱም እንዲሁ እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1979 አርኪዮሎጂስቱ ገብርኤል ባርካይ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሂኖም ሸለቆ አጠገብ ከሚገኝ ጥንታዊ መቃብር ሁለት ትንንሽ የብር ጥቅልሎች አወጣ። ሲፈቱ በዘኍልቍ 6 ያለው የካህናት ቡራኬ ቃል ተቀርጾባቸው ተገኘ። ዕድሜያቸው ወደ 2,600 ዓመት ይገመታል። እንደ ክታብ የተያዙ ስለሚመስሉ፣ ቡራኬው ያኔም የግለሰብ ሀብት እንደነበር እንረዳለን።

ዛሬም ዓርብ ማታ ሰንበት ሲገባ፣ በብዙ አይሁድ ቤት ወላጆች በልጆቻቸው ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ይህንኑ ቡራኬ ይናገራሉ። ወንዶቹ እንደ ኤፍሬምና እንደ ምናሴ፣ ሴቶቹ እንደ ሣራ፣ ርብቃ፣ ራሔልና ልያ እንዲሆኑ ይመረቃሉ። ለምን ኤፍሬምና ምናሴ? ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ልቤን ነካው፦ ታናሹ ሲቀድም ታላቁ አልተቆጣም፤ ታናሹም አልኮራም፤ ሁለቱ ሳይጣሉ ኖሩ።

መሬት ሲከፋፈል ያንሳል፤ ምርቃት ግን በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ልጅ ሙሉውን ይሰጣል። የኤሳው ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን መልስ ያገኘ ይመስለኛል።