የእንጨት መርከብ ሞዴል (የባሕረ ሰላጤው ዳው)

በፋብሪካ ከተዘጋጁ ክፍሎች የሚገጣጠም፣ የእውነተኛ መርከብ ትንሽ አምሳያ ነው። አንድ ሞዴል በ1፡64 ልኬት ሲሠራ 64 ሴንቲ ሜትር የነበረው 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በደማምና በኮበር፣ ለዚህ ሥራ ዳው ከተባለው የባሕረ ሰላጤው ባህላዊ የእንጨት መርከብ የተሻለ ርዕስ አይገኝም። ከዳው ዓይነቶች ሳምቡክ ኋላው ጠፍጣፋ፣ ቡም ፊትና ኋላው ሹል፣ በግላ ደግሞ ኋላው በቅርጽ ያጌጠ ነው። የዕንቁ ጠላቂዎችና ነጋዴዎች ይጓዙባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጃፓን እርባታ ዕንቁና የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት የዕንቁውን ንግድ አዳከሙት። እ.ኤ.አ. በ1938 ደማም ላይ የተገኘው ነዳጅ የአካባቢውን ኑሮ ወደ ሌላ መስመር ወሰደው።

በአሠራር ረገድ ሞዴሉና ዋናው መርከብ ተቃራኒ ናቸው፤ ከርዕሱ ሁሉ የሚገርመውም ይኸው ነው። የባሕረ ሰላጤው አናጢ ያለ ንድፍ ወረቀት፣ ከሕንድ በመጣ የቲክ ሳንቃ መጀመሪያ የውጩን አካል ያቆማል፤ የጎን አጥንቶቹን ከዚያ በኋላ ይገጥማል። በሞዴሉ ግን ከኮምፔንሳቶ የተቆረጡት አጥንቶች ይቀድማሉ። ቀጭኑ ሳንቃ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይለሰልሳል፣ በጥንቃቄ ይታጠፋል፣ በመርፌ ተይዞ በኮላ ይጣበቃል። ወደ መርከቡ አፍንጫ ሲጠጋ ስፋቱ ካልተቀነሰ ሳንቃው ይደራረባል፤ ጀማሪን የሚያስመርረው እዚህ ላይ ነው። ኮላው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ ሁለተኛ፣ ይበልጥ የሳሳ ሳንቃ ይደረብበታል።

የጠረፉ እርጥበት እንጨቱን ያሳብጣል፣ የቤት አየር ማቀዝቀዣ ደግሞ ያደርቀዋል። ስለዚህ ሳንቃውን በሚሠራበት ክፍል ጥቂት ቀን ማቆየት ይመከራል።